በሞቃት አየር ወይስ በሞቀ ፈሳሽ? የካራቫን ማሞቂያ ምርጫ ዳሰሳ

በአውሮፓ ካራቫን የሚገዛ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በአልጋው አቀማመጥ፣ በማብሰያው ስፋትና በወንበሮቹ ጨርቅ ላይ ነው። ማሞቂያው ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ግርጌ ተደብቆ ስለሚቀመጥ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም «ይሠራል?» ተብሎ ብቻ። የመጀመሪያው የውርጭ ሌሊት ሲመጣ ግን ቤተሰቡ ተኝቶ ማደር አለማደሩን የሚወስነው እሱ ነው። ጨርቅ ይቀየራል፤ ፍራሽ ይቀየራል። ማሞቂያን ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ለመለወጥ ግን የውስጡን የእንጨት ሥራ ግማሹን ነቅሎ እንደገና መግጠም ስለሚጠይቅ የሚደፍረው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ምርጫው መደረግ ያለበት ከግዢ በፊት ነው።

ካራቫን ሲባል የራሱ ሞተር የሌለው፣ በመኪና የሚጎተት፣ መኝታና ማብሰያ፣ ብዙ ጊዜም መጸዳጃና ሻወር ያለው ቤት ማለት ነው። በስዊድን፣ በጀርመን፣ በኔዘርላንድስና በብሪታንያ የሀብታም መዝናኛ ሳይሆን የተራ ቤተሰብ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ነው። በእነዚህ አገሮች ኑሯቸውን ለመሠረቱ ወገኖቻችንም፣ ልጆች ይዞ ሆቴል ማደር ኪስ ስለሚጎዳ፣ ያገለገለ ካራቫን ሊታሰብበት የሚገባ አማራጭ ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ስለ ማሞቂያው የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ወገንተኛ መሆኑ ነው፤ የአየር ማሞቂያ ያለው ሰው ያንን ያወድሳል፣ የፈሳሽ ማሞቂያ ያለው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ያጣጥላል።

ሁለቱ መንገዶች

በአንደኛው ዓይነት የጋዝ ነበልባል በተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ይነድዳል። በሳጥኑ ውጫዊ ገጽ ላይ የሚያልፈው የቤቱ አየር ይሞቃል፤ ፋን ደግሞ ይህን አየር በቱቦ እየገፋ በየማዕዘኑ ባሉ ቀዳዳዎች ያስወጣዋል። ይህንን የአየር ማሞቂያ እንበለው። በሁለተኛው ዓይነት ነበልባሉ የሚያሞቀው የውሃና በረዶ መሆንን የሚከላከል የግላይኮል ድብልቅ ነው። ትንሽ ፓምፕ ድብልቁን በግድግዳው ዙሪያ በተዘረጉ ቱቦዎችና ራዲያተሮች ውስጥ ያዞረዋል፤ አሠራሩ በአውሮፓ መኖሪያ ቤቶች ከሚታወቀው የራዲያተር ማሞቂያ የተለየ አይደለም። ይህንን የፈሳሽ ማሞቂያ እንበለው። ሁለቱም ለነበልባሉ የሚያስፈልገውን አየር ከውጭ ይስባሉ፤ ጭሱንም ወደ ውጭ ይለቃሉ። በትክክል ከተገጠሙና ካልተበላሹ የሚነድደው ጋዝ ከምንተነፍሰው አየር ጋር አይገናኝም።

የአየር ማሞቂያው ታሪክ በዋናነት የጀርመን ታሪክ ነው። ፊሊፕ ክራይስ እ.ኤ.አ. በ1949 ሙኒክ ውስጥ ትሩማ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ስሙን የወሰደው ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከሃሪ ትሩማን ነው። በጋዝ መብራት የጀመረው ይህ ድርጅት ኋላ ወደ ካራቫን ማሞቂያ ተሻገረ፤ ዛሬም መቀመጫው ከሙኒክ አጠገብ በምትገኘው በፑትስብሩን ነው። በፈሳሽ ማሞቂያ ረገድ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ደግሞ የስዊድኑ አልዴ ነው፤ መቀመጫው በደቡባዊው የስኮኔ ግዛት፣ በክሪስቲያንስታድ አቅራቢያ ባለችው ፌርሎቭ ነው። ይህ የቦታ ልዩነት ያለ ምክንያት አልመጣም። ጀርመናዊው ቤተሰብ በብዛት የሚወጣው በበጋ፣ አቅጣጫውም ወደ ደቡብ ነው። ስዊድናዊው ግን ካራቫኑን በበረዶ መንሸራተቻ ተራሮች ሥር፣ እንደ ሴለንና ኦሬ ባሉ ቦታዎች፣ ክረምቱን ሙሉ አቁሞ ቅዳሜና እሑድ እየሄደ ያድርበታል። ካቤን የመሳሰሉ የስዊድን ካራቫን ሠሪዎች የፈሳሽ ማሞቂያን መደበኛ ያደረጉት ለእነዚህ ደንበኞች ነው።

ከማሞቂያው በፊት ግድግዳው

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት ብዙዎች የሚዘሉትን ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ። ቤቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያስፈልገው የሚወስነው ማሞቂያው አይደለም፤ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ናቸው። የአውሮፓ መለኪያ የሆነው ኢኤን 1645-1 ካራቫኖችን በሙቀት አያያዛቸው በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ሁለተኛ ደረጃ ለማግኘት የቤቱ አካል በአማካይ በካሬ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ ከ1.7 ዋት በላይ ሙቀት ማሳለፍ የለበትም፤ ውጭው ዜሮ ዲግሪ ሲሆንም ውስጡ 20 መድረስ አለበት። ለሦስተኛ ደረጃ ቁጥሩ ወደ 1.2 ይወርዳል፤ ውጭው ከዜሮ በታች 15 ሆኖ ውስጡ 20 መድረስ ይጠበቅበታል፤ የውሃ መስመሩም በዚያ ብርድ መሥራት አለበት።

እነዚህ ቁጥሮች በኪስ ሲመነዘሩ ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። ውስጡ 6 ሜትር ርዝመት፣ 2.3 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከፍታ ያለው ካራቫን ወለሉን፣ ጣሪያውንና ግድግዳውን ደምሮ 60 ካሬ ሜትር ገደማ ገጽ አለው። ውጭው ከዜሮ በታች 15፣ ውስጡ 20 ቢሆን ልዩነቱ 35 ዲግሪ ነው። በሦስተኛ ደረጃ ቤት የሚጠፋው ሙቀት 60 ሲባዛ በ1.2 ሲባዛ በ35፣ ማለትም 2,520 ዋት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ቤት ግን 3,570 ዋት ይሆናል። በአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች የሚወጣው ሙቀት በዚህ ላይ ይጨመራል። በሁለቱ መካከል ያለው የአንድ ኪሎዋት ልዩነት በ24 ሰዓት 25 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ወደ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚሰጥ፣ በቀን ሁለት ኪሎ ጋዝ ማለት ነው። የተሻለው ቤት ራሱ በዚያ ብርድ በቀን አምስት ኪሎ ስለሚጠጋ በጀርመንና በስዊድን የተለመደው የ11 ኪሎ ሲሊንደር ከሁለት ቀን ብዙም አይዘልቅም።

ከዚህ ስሌት የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። «የፈሳሽ ማሞቂያ ጋዝ ይቆጥባል» ወይም «የአየር ማሞቂያ ጋዝ ይቆጥባል» ብሎ የሚከራከር ሰው በትንሹ ነገር ላይ ነው የሚከራከረው። ቤቱ ያንኑ ሙቀት ያጠፋል፤ የትኛውም ማሞቂያ ያንኑ መተካት አለበት። እውነተኛው ቁጠባ የሚመጣው ከአጠቃቀም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውጭ ውሎ ማታ ለሚገባ ሰው ቶሎ የሚነሣው የአየር ማሞቂያ ያዋጣዋል፣ ምክንያቱም ባዶ ቤት አያሞቅም። ሳምንቱን ሙሉ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ብልጫ ከንቱ ነው።

የአየር ማሞቂያ

የዚህ ዓይነቱ ማሞቂያ ትልቁ ጸጋ ፍጥነት ነው። ከዝናብ ገብተው ማብሪያውን በተጫኑ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞቃት አየር እግር ላይ ይነፍሳል። እርጥብ ጫማ ከአየር መውጫው ፊት ቢደረደር እስከ ጠዋት ይደርቃል፤ ከሻወር በኋላም ክፍሉ ቶሎ ይደርቃል። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ይህን ጥቅም ዝቅ አድርጎ ማየት የለበትም።

ሁለት ዋና ቅርጾች አሉት። የቆየው ቅርጽ በቤቱ መሐል፣ ከቁም ሣጥኑ ሥር የሚቆመው የትሩማ ኤስ 3004 እና ታላቅ ወንድሙ ኤስ 5004 ነው፤ የመጀመሪያው 3.5 ኪሎዋት፣ ሁለተኛው 6 ኪሎዋት ይሰጣል። የዚህ ማሞቂያ ውበት ያለ ኤሌክትሪክ መሥራቱ ነው። ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ብረት ያግላል፤ ሞቃቱ አየር በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለማቀጣጠል ትንሽ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። ከጀርባው የሚገጠመው ትሩማቬንት የሚባለው ፋን አየሩን ወደ መኝታውና ወደ መጸዳጃው ያደርሳል፤ ፋኑ ቢበላሽ ወይም ባትሪ ቢያልቅ እንኳ ቤቱ በብርድ አያድርም። መብራት በሌለበት ጫካ ዳር ለሚያድር ሰው ከዚህ የሚታመን ማሞቂያ አላውቅም። ያገለገሉ ካራቫኖችን የሚያይ ሰው በብዛት የሚያገኘውም ይህንኑ ነው።

አዲሱ ቅርጽ ኮምቢ የሚባለው ነው። ቤቱን ከማሞቅ ሌላ 10 ሊትር የሻወርና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ በዚያው ሳጥን ያሞቃል። ኮምቢ 4 እስከ 4 ኪሎዋት፣ ኮምቢ 6 እስከ 6 ኪሎዋት ይሰጣል፤ በስማቸው መጨረሻ ኢ ያለባቸው ደግሞ በጋዝ ፋንታ ወይም ከጋዙ ጋር በ900 ወይም በ1,800 ዋት ኤሌክትሪክ ይሠራሉ። ክብደቱ ወደ 15 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ለሠሪዎች ተወዳጅ ነው። ነገር ግን ኮምቢ ያለ ፋን አይሠራም፤ ስለዚህ ባትሪው ካለቀ ማሞቂያውም አብሮ ይቆማል።

ጉድለቶቹ ከፋኑና ከቱቦው ይጀምራሉ። ሌሊት ላይ ፋኑ ሲነሣና ሲቆም ድምፁ ይሰማል፤ እንቅልፋቸው ስስ የሆነ ሰዎች ይማረሩበታል። ሙቀቱም እኩል አይዳረስም፤ ከመውጫው አጠገብ ያለው ይሞቀዋል፣ ማዕዘን ላይ ያለው ይበርደዋል፣ ጭንቅላት ሞቆ እግር ይቀዘቅዛል። የፋኑ ነፋስ የወለሉን አቧራ ስለሚያንቀሳቅስ አስም ያለበት ሰው ሊያስብበት ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን የማየው ስሕተት ቱቦውን መርሳት ነው። ዲያሜትሩ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው የወረቀትና የአልሙኒየም ቱቦ በአልጋና በወንበር ሥር ስለሚያልፍ፣ ሻንጣ ሲጫንበት ይጨፈለቃል፤ በመንገድ ንዝረትም ከመጋጠሚያው ይወልቃል። ያኔ ሞቃቱ አየር የአልጋውን ሥር ሣጥን ሲያሞቅ ያድራል፣ ሰውየው ደግሞ «ማሞቂያው ደካማ ነው» ይላል። በአንዳንድ ካራቫኖች ወደ መጸዳጃው የሚሄደው ቱቦ ከወለሉ ውጭ፣ በሥሩ ያልፋል፤ መሸፈኛው ካረጀ ግማሹን ሙቀት መንገድ ላይ ይጥለዋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ገንዘብና በአንድ ቅዳሜ ሥራ የሚስተካከል ነው፤ በአየር ማሞቂያ የተማረረ ሰው ማሞቂያውን ከመርገሙ በፊት ቱቦውን ጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትሽ።

የፈሳሽ ማሞቂያ

የፈሳሽ ማሞቂያን ጸባይ ለመረዳት ምጣድን ማሰብ ይበቃል፤ ለመጋል ጊዜ ይወስዳል፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ከቀዘቀዘ ቤት ተነሥቶ ሙቀቱ እስኪሰማ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ በከባድ ብርድም ከዚያ በላይ ይወስዳል። አንዴ ከሞቀ ግን የሙቀቱ ጥራት ሌላ ነው። ራዲያተሮቹ በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን ስለተዘረጉ ሞቃቱ አየር ከወንበሩና ከአልጋው ጀርባ ቀስ ብሎ ይወጣና በመስኮቶቹ ፊት የሞቃት አየር መጋረጃ ይሠራል። ከመስኮት የሚመጣው ብርድ ወደ ተኛው ሰው አይደርስም፤ በመስኮቱና በማዕዘኑ ላይ የሚጠራቀመው ጤዛም ይቀንሳል። ጤዛ ሲቀንስ ሻጋታና የእንጨት መበስበስ ይቀንሳል፤ ይህ ደግሞ የቤቱን ዕድሜ የሚነካ ጉዳይ ነው።

አልዴ ኮምፓክት 3010 የተባለው ቦይለር በብዙ ካራቫኖች ውስጥ ይገኛል። በጋዝ 3.3 ወይም 5.5 ኪሎዋት፣ በኤሌክትሪክ ደግሞ እስከ 3 ኪሎዋት ይሰጣል፤ የሻወር ውሃም 8 ሊትር ተኩል ገደማ በውስጡ ይይዛል። በአንዳንድ ቤቶች ፈሳሹ በወለሉ ውስጥ ጭምር ስለሚያልፍ በውርጭ ጠዋት በባዶ እግር መቆም ይቻላል። የሚሰማው የፓምፑ ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን አየሩ መተላለፊያ ካገኘ ነው። ጥሩ ሠሪዎች የወንበሩን መደገፊያ ከግድግዳው ያርቁታል፣ ከአልጋው ሥር ፍርግርግ ያደርጋሉ፣ ከላይ ያሉትንም ሣጥኖች ከግድግዳው ጋር አያጣብቁም። ባለቤቱ ታዲያ ክፍተቱን በብርድ ልብስና በትራስ ሲደፍነው ራዲያተሩ ታፍኖ ይቀራል። የፈሳሽ ማሞቂያ ኖሯቸው የሚበርዳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጥፋቱ ከቦይለሩ ሳይሆን ከዚህ ነው።

ጥገናው ከአየር ማሞቂያው ይከብዳል፤ ይህንን መደበቅ አይገባም። ፈሳሹ ዕድሜ አለው። መደበኛው ግላይኮል በየሁለት ዓመቱ፣ ረጅም ዕድሜ ያለው ዓይነት ደግሞ በየአምስት ዓመቱ መለወጥ አለበት፤ ምክንያቱም የዝገት መከላከያው ሲያልቅ ድብልቁ የመስመሩን አልሙኒየም ከውስጥ መብላት ይጀምራል። የተለያየ ዓይነት ግላይኮልን መቀላቀል ዝቃጭ ሊፈጥርና ቱቦውን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ጎድሎ ሲገኝ ከሱቅ ያገኙትን መጨመር ስሕተት ነው፤ ምን ዓይነት እንዳለበት ማወቅ ይቀድማል። ኤትሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ነገር ግን መርዝ ስለሆነ ትርፉን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ የግድ ነው። ካራቫኑ ተዳፋት ላይ ቆሞ ወይም ፈሳሽ ተለውጦ ከሆነ አየር መስመሩ ውስጥ ይታሰራል፤ ምልክቱ የቤቱ አንዱ ወገን ሲሞቅ ሌላው ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። አየሩን በትንንሾቹ ማስተንፈሻዎች ማውጣት ባለቤቱ ራሱ ሊማረው የሚችል ሥራ ነው። የጎማ መጋጠሚያዎቹ ማንጠብጠብ ግን አሳሳቢ ነው፤ ከአልጋ ሥር ለወራት ሳይታይ ወለሉን ሊያበሰብስ ይችላል።

ክብደቱም ይታሰብ። ቦይለሩ፣ ቱቦው፣ ራዲያተሩና ፈሳሹ ሲደመር ከአየር ማሞቂያው ይበልጣል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መደበኛው የቢ መንጃ ፈቃድ መኪናውና ከባዱ ተጎታች በድምሩ ከ3,500 ኪሎ እንዲያልፉ አይፈቅድም፤ የብዙ ካራቫኖች የመጫን አቅምም ጥቂት መቶ ኪሎ ብቻ ነው። ድንኳን፣ ብስክሌትና የአራት ሰው ልብስ ለሚጭን ቤተሰብ እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ አለው።

የሚነገሩና የማይነገሩ ነገሮች

«የአየር ማሞቂያ አየሩን ያደርቃል፣ የፈሳሹ አያደርቅም» የሚለው ወሬ ተደጋግሞ ይሰማል። ቀዝቃዛ አየር በማንኛውም መንገድ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ይቀንሳል፤ ነበልባሉ በሁለቱም የተዘጋ ስለሆነ ከአየሩ እርጥበት የሚወስድ ነገር የለም። ልዩነቱ ቆዳና ዐይን ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ ድርቀት መስሎ የሚሰማውም እሱ ነው።

ሌላው አደገኛ እምነት በፈሳሽ ማሞቂያው ግላይኮል ስላለ ቤቱ በሙሉ ከመቀዝቀዝ የተጠበቀ ነው የሚለው ነው። ግላይኮሉ የሚጠብቀው የማሞቂያውን መስመር ብቻ ነው። በቦይለሩ ውስጥ ያለው የሻወር ውሃ የተለየ ጋን ውስጥ ነው ያለው፤ ካራቫኑ ሳይሞቅ ክረምቱን ከቆመና ውሃው ካልፈሰሰ በረዶ ሆኖ ጋኑን ይሰነጥቀዋል። ኮምቢም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ከ3 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ራሱ የሚከፈትና ውሃውን የሚያፈስ ቫልቭ አብሮት መምጣቱ ነው። በሁለቱም ዓይነት፣ ማሞቂያው ሳይሠራ ካራቫን ሲቆም ውሃ ማፍሰስ ግዴታ ነው።

ስለ ጋዙ ዓይነትም አንድ ነገር። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን እስከ ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ይለወጣል። በደቡብ አውሮፓ የተሞላ ቡቴን ይዞ ወደ ተራራ የወጣ ሰው በውርጭ ሌሊት ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ እሳቱ ይጠፋበታል፤ ማሞቂያው አየርም ይሁን ፈሳሽ ያኔ አይረዳውም።

በኤሌክትሪክ ማሞቅ ደግሞ ካምፑ በሚሰጠው አምፔር ይወሰናል። በአንዳንድ የአውሮፓ ካምፖች የሚገኘው 6 አምፔር በ230 ቮልት 1,380 ዋት ብቻ ነው፤ 10 አምፔር 2,300 ዋት፣ 16 አምፔር ደግሞ 3,680 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ የአልዴን 3 ኪሎዋት ሙሉ ለሙሉ ለመጠቀም 16 አምፔር ያስፈልጋል፤ ያውም የሻይ ማፍያውን ሳይሰኩ። ባለ 6 አምፔር ካምፕ ላይ የኮምቢው 900 ዋትም ሆነ የአልዴው 1 ኪሎዋት ይሠራል፣ ነገር ግን ከላይ ካሰላነው 2.5 ኪሎዋት ጋር ሲተያይ ለጸደይ ምሽት እንጂ ለክረምት አይበቃም። ቀሪውን ጋዙ መሙላት አለበት።

መብራት በሌለበት ቦታ ሚዛኑ ይገለበጣል። ኮምቢው ለፋኑ፣ የፈሳሽ ማሞቂያው ለፓምፑ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይፈልጋሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ ያረጀ ባትሪ ጠዋት ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል። የቀድሞዎቹ ኤስ 3004 እና ኤስ 5004 ብቻ ናቸው ከዚህ ነፃ የሆኑት።

ስለ ደኅንነት በሁለቱ መካከል ብልጫ አላይም፤ ሁለቱም ላይ እኩል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በካራቫን ውስጥም አደጋው ያው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ የሚመጣውም የጭስ ማውጫው በበረዶ ሲደፈን፣ ጭሱ ከካራቫኑ ጋር ተያይዞ ወደሚተከል የተዘጋ ድንኳን ሲገባ ወይም የነበልባሉ ሳጥን ሲሰነጠቅ ነው። ወለሉና ጣሪያው ላይ ያሉትን ቋሚ የአየር ቀዳዳዎች «ብርድ ያስገባሉ» ብሎ በጨርቅ መድፈን ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። የማብሰያውን ምድጃ ለማሞቂያነት መጠቀምም፣ ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባትም እንዲሁ። ጀርመን ውስጥ ጂ 607 የተባለው የጋዝ ምርመራ በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል፤ የጋዝ ጎማዎችና ሬጉላተሩ በየአሥር ዓመቱ ይለወጣሉ፤ የማሞቂያው የነበልባል ሳጥን ደግሞ 30 ዓመት ሲሞላው መቀየር አለበት። በሌላ አገር የሚኖር አንባቢም እነዚህን ቁጥሮች ለራሱ መመሪያ ቢያደርጋቸው መልካም ነው።

ታዲያ የትኛው?

ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ለሚወጣ፣ አንዳንድ ቅዳሜና እሑድ ለሚያድር፣ ልጆችና ዕቃ ለሚበዛበት ቤተሰብ የአየር ማሞቂያ ይበቃዋል፤ በርካሽ ይገዛል፣ ይቀላል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ሲበላሽም ጥገናው አያስጨንቅም። ለፈሳሽ ማሞቂያ የሚጨምረውን ገንዘብ ለተሻለ ግድግዳ ወይም ለጥሩ ፍራሽ ቢያውለው ይጠቀማል። የቀድሞው ኤስ 3004 ያለው ደግሞ ጥሩ ፋንና ያልተበላሸ ቱቦ ቢጨምርበት ሌላ ነገር መፈለግ የለበትም።

በክረምት ሳምንታትን ውስጡ ለሚያሳልፍ፣ በበረዶ ተራራ ሥር ቋሚ ቦታ ለተከራየ፣ ለሥራ ወራትን በካራቫን ለሚኖር፣ ወይም በዕድሜ ለገፉ ወላጆቹ እኩል የሆነ ጸጥተኛ ሙቀት ለሚፈልግ ሰው ግን መልሱ ፈሳሽ ነው፤ ያውም በሦስተኛ ደረጃ ቤት ውስጥ። በሁለተኛ ደረጃ ቤት ውስጥ የተገጠመ የፈሳሽ ማሞቂያ ውድ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ምንም እንኳ ሻጮች በዋጋው ላይ ቢጨምሩበትም። ነባሩን የአየር ማሞቂያ አስነቅሎ በፈሳሽ መተካትን ደግሞ ለማንም አልመክርም፤ ካራቫኑን ሸጦ ሌላ መግዛት ይሻላል።

ያገለገለ ለሚገዛ የመጨረሻ ምክሬ ይህ ነው። ከብራንዱ ስም ይልቅ የተያዘበት ሁኔታ ይበልጣል፤ ፈሳሹ በወቅቱ ሲለወጥ የኖረ የአሥር ዓመት አልዴ ከተረሳ የአምስት ዓመት አልዴ ይሻላል። ካራቫኑን ለማየት ከመሄድዎ በፊት ሻጩን ማሞቂያውን እንዳያበራ ይለምኑት፤ ቀዝቃዛ ጠዋትም ይምረጡ። ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ይዘው አንዱን ከወለሉ፣ ሌላውን ከትራሱ ከፍታ ያኑሩ፤ ማሞቂያውን በጋዝ ከዚያም በኤሌክትሪክ ያስነሡና አንድ ሰዓት ይቆዩ። በአየር ማሞቂያው እያንዳንዱን መውጫ በእጅዎ ይዳስሱ፤ በፈሳሹ ደግሞ የሁሉንም ማዕዘን ራዲያተርና ከአልጋው ሥር ያለውን ወለል ይንኩ፤ በማጠራቀሚያው ጋን ያለውን የፈሳሽ ደረጃም ይመልከቱ። ፈሳሹ መቼ እንደተለወጠ የሚገልጽ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ከሌለ የመለወጫውን ወጪ ከዋጋው ያስቀንሱ። ካራቫኑን ከገዙ ደግሞ ቤተሰብዎ የመጀመሪያዋን ሌሊት ከማደሩ በፊት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ገዝተው ይግጠሙ።